ጠባቂ የሌለው ጣቢያ፤ ስለ ጃፓን የገጠር ባቡርና ስለ ይፋት ቆላ መንገደኛ

የምድር ባቡር በተዘረጋበት አገር ሁሉ ጣቢያ የሚባለው ስፍራ ከሐዲዱና ከሠረገላው ይልቅ ለሕዝቡ የቀረበ ነው። ሐዲዱ የመሐንዲሱ፥ ባቡሩም የነጂው ሲሆን፥ ጣቢያው ግን የሚሳፈረው፥ የሚሸኘው፥ የሚቀበለውና የሚነግደው ሰው ሁሉ ነው። ከዚህም የተነሣ የአንድን ሕዝብ ልማድና አኗኗር ለሚመረምር ሰው፥ በገጠር ያለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ በዋና ከተማ ካለው ታላቅ ሕንፃ ይልቅ ብዙ ነገር ልታስረዳው ትችላለች።

በጃፓን አገር ከባቡር ጣቢያዎች ግማሽ የሚያህሉት ሹምም፥ ቲኬት ሻጭም፥ ዘበኛም የሌላቸው ናቸው። ባቡሩ ግን በሰዓቱ ይቆማል፤ ተሳፋሪውም ይወጣል፥ ይወርዳል፥ ሒሳቡንም ይከፍላል። በኢትዮጵያ ደግሞ በይፋት ቆላ፥ በሸዋ ሮቢት አካባቢ፥ አዲስ ሐዲድ ከተዘረጋ በኋላ መንገደኛው ለብዙ ዓመት እንደ ቀድሞው በአውቶቡስ ሲጓዝ ኖሯል። በአንደኛው አገር ሰው የሌለበት ጣቢያ ባቡር አለው፤ በሁለተኛው አገር ሰውና ገበያ ሞልቶ ሳለ ባቡሩ ዘግይቷል። ሁለቱ ጐን ለጐን ሲታዩ «ጣቢያን ጣቢያ የሚያደርገው ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ያስነሣሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ጥያቄ ማብራራት ነው።

የጣቢያ አራት ሥራዎች

የጣቢያ ሠራተኛ የሚያከናውነው ተግባር ሲዘረዘር ብዙ ቢመስልም በአራት ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛው ሒሳብ ነው፤ ይኸውም ቲኬት መሸጥና መመርመር ነው። ሁለተኛው ወሬ መንገር ነው፤ ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ፥ ስለ ምን እንደ ዘገየ፥ ወዴትም እንደሚሄድ ማስታወቅ ነው። ሦስተኛው ጥበቃ ነው፤ ዕቃውን፥ ቤቱንና ሰውን ከሌባና ከአደጋ መጠበቅ ነው። አራተኛው ርዳታ ነው፤ ሽማግሌውን፥ ሕመምተኛውን፥ ዐይነ ስውሩን፥ ሕፃን ያዘለችውን ሴት ደግፎ ማሳፈርና ማውረድ ነው።

ሠራተኛው ከጣቢያው ሲነሣ እነዚህ አራት ሥራዎች አብረውት አይሄዱም፤ ወይ ሌላ ሰው ይረከባቸዋል፥ ወይም ሳይሠሩ ይቀራሉ። ስለዚህ «ሰው የሌለበት ጣቢያ» የሚለው አነጋገር ሲመረመር፥ ሥራው ከአንድ ደመወዝተኛ እጅ ወጥቶ ለብዙዎች የተከፋፈለበት ጣቢያ ማለት ሆኖ ይገኛል። የትኛውን ሥራ ማን እንደ ተረከበ፥ የትኛውስ ተረካቢ እንዳጣ መለየት የዚህ ምርመራ ዋና ነገር ነው።

የቀድሞው የይፋት ማረፊያ

ባቡር ከመታወቁ አስቀድሞ ይፋት የታላቅ መንገድ አገር ነበር። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በአፋር በረሓ አቋርጦ ወደ ሸዋ የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ በዚሁ ቆላ ያልፍ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ በ1833 ዓ.ም.፥ የእንግሊዝ መልክተኛ ሆኖ የመጣው ካፒቴን ሐሪስ በዚህ መንገድ ተጉዞ ከአንኮበር በታች በምትገኘው በፋሬ መንደር አርፏል። ፋሬ ማረፊያ የሆነችበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ ግመል ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት ለመውጣት ስለማይመች፥ ጭነቱ እዚያ ተራግፎ በበቅሎ፥ በአህያና በሰው ትከሻ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ጣቢያ የሚወለደው የመጓጓዣው ዐይነት በሚለወጥበት ስፍራ መሆኑን ይህ በሚገባ ያስረዳል።

በፋሬ ከአራቱ ሥራዎች የመጀመሪያው፥ ሒሳቡ፥ የመንግሥት ነበር። የምሥራቁን ጠረፍ የሚጠብቀው ወላስማ መሐመድ ገቢውንና ወጪውን ይቈጣጠር፥ እንግዳውም ያለ ንጉሥ ፈቃድ ወደ ላይ እንዳይወጣ ያግድ ነበር። ወላስማ የሚለው የማዕርግ ስም በመካከለኛው ዘመን በይፋት የነገሡትን የወላስማ ሥርወ መንግሥት ስም ይዞ የቈየ ነው። ጥበቃው ግን የመንግሥት ብቻ አልነበረም፤ በበረሓው ውስጥ የነጋዴው ዋስና መሪ የሚሆነው የአገሩ ሰው ነበር፤ ያለ እርሱም ሲራራው አይንቀሳቀስም።

ወሬ የመንገሩ ሥራ ደግሞ ሹም አልነበረውም፤ ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ በሥርዐት የተያዘ እርሱ ነው። የአፋር ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ሁለቱ መንገደኞች ቁጭ ብለው፥ ሰላምታውን ፈጽመው፥ አንዱ ያየውንና የሰማውን በተራ ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል፥ ይጠይቃል፥ ከዚያም በተራው ይናገራል። ዝናም የት እንደ ዘነመ፥ ሣር የት እንዳለ፥ ምን በሽታ እንደ ገባ፥ ምን ዐይነት እንግዳ እንደ ታየ ይነገራል። ያዩትን ከሰሙት ለይቶ በእውነት መናገርና የሰሙትን ለሚቀጥለው ሰው ማድረስ ግዴታ ነው። በሐሰት ወሬ የሚታወቅ ሰው ክብሩን ያጣል። እንግዲህ ዳጉ ሕንፃና ደመወዝ ሳያስፈልገው የሚሠራ የማስታወቂያ ድርጅት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ጋር የሚታሰበው ሌላው ነገር ሳምንታዊው ገበያ ነው። በድሮው ጊዜ የዓልዩ አምባ ገበያ ዓርብ ይቆም ነበር፤ የሰንበቴ ገበያ በእሑድ፥ የባቲም ገበያ በሰኞ የታወቁ ናቸው። የገበያ ሜዳ በሳምንት ስድስት ቀን ባዶ ነው። በዚያ ሜዳ በማክሰኞ የሚያልፍ የውጭ አገር ሰው ከድንጋይና ከአቧራ በቀር ምንም አያይም። የአገሩ ሰው ግን የጨው ተራ የት እንደ ሆነ፥ የከብት ተራ የት እንደ ሆነ፥ የእህሉም ተራ በየት በኩል እንደሚጀምር ምልክት ሳያስፈልገው ያውቃል። ስፍራው ባዶ ሲሆንም ሥርዐቱ ከሰው ልብ አይወጣም። አንድ ስፍራ ሰው ስላልቆመበት ብቻ «የተተወ» ሊባል እንደማይገባ ከዚህ እንረዳለን።

የድሬዳዋው ሐዲድና ያመጣው ለውጥ

በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልተቻለው ከታች በሜዳው አለፈ፤ በዚያም ምክንያት ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተወለደች፥ የጥንቲቱ ሐረር ንግድ ግን ቀነሰ። የይፋትም ዕጣ ከሐረር የባሰ ሆነ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ደቡቡ ሐዲድ ስለ ዞረ የታጁራው የግመል መንገድ ደከመ፤ ፋሬና ዓልዩ አምባም የቀድሞ ስማቸውን ይዘው ቀሩ።

በሐዲዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ጣቢያዎች፥ እንደ አሰቦት፥ እንደ አፍደምና እንደ ኤረር ያሉት፥ በየራሳቸው ትንሽ ዓለም ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና፥ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ፥ መንገደኛውም በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። የአዋሹ ቡፌ ስሙ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የሚለው ቃል በአዲስ አበባ «ለገሃር» ሆኖ የሰፈር ስም እስከ መሆን መድረሱም፥ ጣቢያ በሕዝብ አነጋገር ውስጥ እንዴት ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው የአሮጌው ሐዲድ ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተቋረጠ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ለከባድ ጭነትና ለረጅም ጉዞ የታሰበ ስለ ሆነ፥ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው ከከተማው ወጣ ብለው ተሠሩ። ስለዚህ በአሮጌው ሐዲድ ዳር የነበረው ወተት ሻጭ፥ ሻይ አፍይና ዕቃ ተሸካሚ ወደ አዲሱ ሐዲድ አብሮ አልተዛወረም። ሕንፃው በአዲስ ሕንፃ ሲተካ፥ በሕንፃው ዙሪያ የነበረው ማኅበራዊ ኑሮ ግን ምትክ አላገኘም።

የጃፓን «ሙጂን ኤኪ»

በጃፓንኛ ሠራተኛ የሌለው ጣቢያ «ሙጂን ኤኪ» ይባላል፤ «ሙ» አልባ፥ «ጂን» ሰው፥ «ኤኪ» ጣቢያ ማለት ነው። «ኤኪ» የሚለው ቃል ከባቡር እጅግ ይቀድማል። በጥንቱ የጃፓን መንግሥት ሥርዐት በዋና መንገዶች ላይ በየ16 ኪሎ ሜትሩ ያህል የመልክተኛ ፈረስ የሚለወጥበት ማረፊያ ነበር፤ ስሙም ኤኪ ነበር። የቤተ መንግሥቱ መልክተኛ በእጁ የያዘውን ቃጭል እያሳየ ፈረስ ይቀበል ነበር። በ1872 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ባቡር በሺምባሺና በዮኮሃማ መካከል ሥራ ከጀመረ በኋላ ያው የፈረስ ማረፊያ ስም ለባቡር ማቆሚያ ተሰጠ። ጃፓናዊውም ልክ እንደ ይፋቱ ነጋዴ ጣቢያን ከባቡር በፊት ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ጣቢያዎቹ ያለ ሠራተኛ የቀሩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የሕዝብ መፍለስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣቱ ከገጠር ወደ ቶኪዮና ወደ ኦሳካ ስለ ጐረፈ፥ በተራራ መካከል ያሉት መንደሮች በሽማግሌዎች ብቻ ቀሩ። ሁለተኛው ኪሳራ ነው። የመንግሥቱ ባቡር ድርጅት ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪሳራ ይሠራ ነበር፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል ወር ለስድስት የመንገደኛና ለአንድ የጭነት ኩባንያ ሲከፋፈል ዕዳው 37 ትሪሊዮን የን ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊትም በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት 83 የገጠር መሥመሮች ከድርጅቱ እንዲነጠሉ ተወስኖ፥ አንዳንዶቹ በአውቶቡስ ተተኩ፥ ሌሎቹ ለአካባቢ ማኅበራት ተላለፉ። ያልተዘጋው ጣቢያ ደግሞ ሠራተኛውን አጣ። በ2020 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ በአገሩ ካሉት 9,465 ጣቢያዎች 4,564ቱ፥ ማለትም ከመቶ 48 ያህሉ፥ ሠራተኛ አልነበራቸውም።

አሁን አራቱን ሥራዎች እንመልከት። ሒሳቡን የተረከቡት ነጂውና ተሳፋሪው ራሱ ናቸው። የገጠሩ ባቡር ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሠረገላ ብቻ ሲሆን፥ ከነጂው በቀር ሌላ ሠራተኛ የለውም። ተሳፋሪው በኋለኛው በር ሲገባ ቁጥር ያለበትን ትንሽ ወረቀት ከመኪናው ይወስዳል፤ የተሳፈረበትን ጣቢያ የሚያስታውቀው ይህ ቁጥር ነው። ከነጂው በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ በቁጥሩ አንጻር የሚከፈለው ገንዘብ ይታያል። ተሳፋሪው ሲወርድ ወረቀቱንና ገንዘቡን በነጂው አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ ጨምሮ በፊተኛው በር ይወጣል። አሠራሩ ከቁጥጥር ጋር የተሳፋሪውን ታማኝነት ይጠይቃል።

ወሬውን የተረከበው የሰዓት ሰሌዳው ነው። ባቡሩ ሰዓቱን ስለሚጠብቅ ወረቀቱ እንደ ሰው ይታመናል። ይህ በሌላ አገር በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ ባቡሩ የሚዘገይ ከሆነ ሰሌዳው የሐሰተኛ ዳጉ ያህል ይናቃልና፥ የግድ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

ጥበቃውን የተረከቡት ጐረቤቶች ናቸው። በብዙ ስፍራ የመንደሩ ሽማግሌዎች ጣቢያውን ይጠርጋሉ፥ አበባ ይተክላሉ፥ በረዶ ይዝቃሉ። በአንዳንዱም ጣቢያ የአጠገቡ ሱቅ ወይም የገበሬዎች ማኅበር ቲኬት እንዲሸጥ በውል ይፈቀድለታል። በመጠበቂያው ክፍል ውስጥ ደብተር የሚቀመጥበት ልማድም አለ፤ መንገደኛው ስሙንና ሐሳቡን ይጽፍበታል፥ የማያውቀው ሰውም መጥቶ ያነበዋል። በሆካይዶ ያለው የቶዮኡራ ከተማ አስተዳደር ኮቦሮ የተባለችው ገለልተኛ ጣቢያ እንዳትዘጋ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንክብካቤዋን ወጪ ተቀብሏል።

የኪሺ ጣቢያ ታሪክ ከሁሉ የታወቀ ነው። በዋካያማ አገር ያለው ይህ መሥመር በ2006 እ.ኤ.አ. ለአዲስ ኩባንያ ሲተላለፍ ጣቢያው ያለ ሠራተኛ ቀረ። በአጠገቡ ያለው ሱቅ ባለቤት የምታሳድጋት ታማ የምትባል ድመት ነበረች፤ ኩባንያውም በጥር 2007 እ.ኤ.አ. ድመቲቱን የጣቢያ ሹም ብሎ ሾማት፥ ባርኔጣም አለበሳት። ብዙ ጐብኚ እርሷን ለማየት በባቡሩ ተሳፈረ። በሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. ስትሞትም በሺንቶ ሥርዐት እንደ መንፈስ ተከብራ ትንሽ መቅደስ ተሠራላት። ነገሩ ለቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለበት፤ ሕዝቡ ጣቢያ ያለ ሹም መቅረቱን ስላልወደደ ወንበሩን በምሳሌም ቢሆን ሞልቶታልና።

ይሁን እንጂ ስለ እነዚህ ጣቢያዎች የሚነገረውን ሁሉ ሳይመረምሩ መቀበል አይገባም። በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ፥ በሆካይዶ አንዲት ጣቢያ ለአንዲት ተማሪ ሲባል ብቻ ሳትዘጋ ቈየች የሚል ወሬ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ኪዩ ሺራታኪ የተባለችው ጣቢያ ተማሪ ይሳፈርባት እንደ ነበር፥ በማርች 26 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. እንደ ተዘጋችም እውነት ነው። ነገር ግን ያ ቀን በየዓመቱ የባቡር ሰዓት የሚለወጥበት ወቅት ነው፤ በዚያው ቀን ሌሎች ሁለት የጐረቤት ጣቢያዎችም ተዘግተዋል። ወሬው የተወደደው፥ ታላቅ ድርጅት አንድን ሰው ሊያስብ ይገባዋል የሚል ምኞት በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ስላለ ነው። ለባህል ተመራማሪ ይህ ምኞት ከራሱ ከሁኔታው ያላነሰ ማስረጃ ነው።

ተረካቢ ያጣው ሥራ

ከአራቱ ሥራዎች በጃፓን በቀላሉ ተረካቢ ያላገኘው አራተኛው፥ ርዳታው ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው በመድረኩና በሠረገላው መካከል ያለውን ክፍተት ለመሻገር መወጣጫ የሚዘረጋለት ሠራተኛ ያስፈልገዋል። ሠራተኛ በሌለበት ጣቢያ አስቀድሞ ማስታወቅና ቀጠሮ መያዝ ግዴታ ይሆንበታል፤ ሌላው ሰው በወደደ ጊዜ ሲሳፈር እርሱ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ይቈጠራል። ስለዚህ በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. በኦይታ አውራጃ በተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ ሰዎች፥ የመዘዋወር ነጻነታችን ተነካ ሲሉ ፍርድ ቤት ቀረቡ። የጃፓን መንግሥትም በ2022 እ.ኤ.አ. አካል ጉዳተኞች በነዚህ ጣቢያዎች እንዴት ሊረዱ እንደሚገባ የሚገልጥ መመሪያ አወጣ።

ይህ ጉዳይ የሚያስተምረው ግልጥ ነው። ሒሳብ በሣጥን፥ ወሬ በሰሌዳ፥ ጥበቃ በጐረቤት ሊተካ ይችላል። ርዳታ ግን በዚያው ሰዓት በዚያው ስፍራ የሚገኝ ሰው ይፈልጋል። የሠራተኛው መነሣት ለጤነኛው ጥቂት ድካም፥ ለደካማው ግን የመንገዱ መዘጋት ነው።

ሸዋ ሮቢትና የሚጠበቀው ባቡር

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል 1,280 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፥ በሮቢ ወንዝ ዳር የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ለከተማይቱ ማደግ ምክንያት የሆነው፥ ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በጣርማ በር ተራራ ዋሻ ፈልፍለው ወደ ደሴ ያወጡት የመኪና መንገድ ነው። በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት፥ ማሾና ትምባሆ፥ ከአማራ፥ ከአርጎባ፥ ከኦሮሞና ከአፋር ሕዝብ መገናኘት ጋር ከተማይቱን የገበያ ስፍራ አድርጓታል።

በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ኩባንያ ከያፒ መርከዚ ጋር ውል የተፈረመበት፥ በየካቲት 2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው ሐዲድ፥ ከአዋሽ ተነሥቶ በይፋት ቆላ አድርጎ ወደ ከሚሴ፥ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቅ ነው። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ኀይል በጊዜው ስላልቀረበ ሥራው ዘገየ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ኮምቦልቻና እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜም በሥራው ንብረት ላይ ጉዳት ደረሰ። ከመቶ ዓመት በፊት ሐዲዱ ወደ ደቡብ በመሄዱ ንግዱን ያጣው ይፋት፥ ባቡርን ዳግመኛ እንዲጠብቅ ተገደደ።

በዚህ መካከል የጣቢያን ሥራ ሲሠራ የኖረው የአውቶቡሱ መናኸሪያ ነው። በዚያ ሒሳቡን ረዳቱ ይሰበስባል፤ ወሬውን ተራ አስከባሪው በጩኸት ይናገራል፤ ጥበቃው የሁሉም ነው። ርዳታው ደግሞ ሳይጠየቅ ይሰጣል፤ አሮጊቲቱን «እናቴ፥ በዚህ በኩል ይምጡ» ብሎ እጇን የሚይዝ ወጣት አይጠፋም። ገንዘብና ዕቃም በሾፌሩ እጅ በአደራ ይላካል፤ ላኪው ደረሰኝ ሳይቀበል የተቀባዩን ስልክ ብቻ ሰጥቶ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ጫጫታ ለእንግዳ ሰው ሥርዐት የሌለው ይመስለዋል፤ ሲመረመር ግን በጃፓን ጣቢያ በሰሌዳና በሣጥን የተሠራው ሥራ በዚህ በሰው ቃል የተሠራ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ፍርድ ይህ ነው። ጣቢያ ሠራተኛ ባይኖረው ሊኖር ይችላል፤ ሥራውን የሚረከበው ማኅበር ከሌለ ግን ሠራተኛ ቢሞላበትም አይቆምም። ጃፓን ሠራተኛውን ስታነሣ በመንደሩ ውስጥ ተረካቢ ነበራት፤ መንደሩ ራሱ ባዶ በሆነበት ስፍራ ጣቢያውም ተዘግቷል። ይፋት የጃፓን ተቃራኒ ነው፤ ወጣት ሕዝብ፥ ዳጉ፥ ገበያና አደራ አለው። የሚያሠጋው፥ እንደ ድሬዳዋው አዲስ ሐዲድ ጣቢያው ከገበያው ርቆ በአጥር ተከልሎ፥ ይህን ሀብት ከደጁ ውጭ እንዳያስቀረው ነው። እንግዲህ የሐዲዱ መሐንዲሶች የድልድዩን ጥንካሬ በሚለኩበት ትጋት፥ የባህል ተመራማሪዎችም የመናኸሪያውን ሥርዐት፥ የአደራውን ልማድና የደካሞችን አረዳድ አስቀድመው ሊመዘግቡ ይገባቸዋል። ባቡሩ በመጣ ጊዜ አራተኛውን ሥራ ማን እንደሚረከብ ዛሬ ካልታሰበ፥ ያን ጊዜ በመድረኩ ላይ የሚቀሩት ሽማግሌውና ዐይነ ስውሩ ይሆናሉ።